የወይጦ ምሳ

ሰው ባሌን አይቶ "ደልቶሃል" ሲለው ደሜ ይፈላል። ድሮም ይፈላ ነበር፣ አሁንም ይፈላል። ጂንካ ገበያ ውስጥ የልብስ ስፌት መኪናዬ ፊት ቁጭ ብዬ ይህን ነገር ስንት ጊዜ ሰማሁት መሰላችሁ። "ባልሽስ ተስማምቶታል፣ ምን እያበላሽው ነው?" ይሉኛል። እኔ ደግሞ እንደ ምርቃት ተቀብዬ "ተመስገን" ማለት ይጠበቅብኛል። ምን አበላሁት? እኔ ቤት ቁርስና እራት ነው የሚበላው፤ እራቱንም ለይሉኝታ ቆንጠር ቆንጠር አድርጎ ይተወዋል። ያወፈረው ወይጦ ነው፤ ምስጋናውም ለወይጦ ይሁን።

ስንጋባ ከሲታ ነበር። መንግሥት ከተለወጠ ገና ጥቂት ዓመቱ ነው። አባቴ ከሰሜን መጥቶ ጂንካ ላይ ጨውና አቡጀዲ ሲሸጥ የኖረ ሰው ነው፤ ሾፌር ላገባ ነው ስለው አኮረፈኝ። የሠርጉን ሱሪ የሰፋሁለት እኔው ነኝ። ወገቡን ስለካው ሜትሩ ተርፎ እጄ ላይ ተንጠለጠለ፣ ሚዜዎቹም ሳቁ። ያን ጊዜ የጭነት መኪና ነበር የሚነዳው። አስፋልት የሚባል ነገር የለም። ዝናብ ከጣለ ጭቃው ጎማ ይውጣል፤ የወይጦ ወንዝ ከሞላም ዳር ላይ ቁጭ ብሎ መጉደሉን መጠበቅ ነው። አካፋ ይዞ ሲቆፍር፣ ድንጋይ ሲሸከም፣ መኪና ሲገፋ ይውላል። ምሳው በኪሱ የያዘው ቆሎ ነው። ቤት ሲገባ የፊቱ አጥንት ይቆጠራል፣ እኔም አሳዝኖኝ ሁለት ሰው የሚያጠግብ እራት አቀርብለት ነበር። ያንን እራት በልቶ ጠዋት ድንጋይ ሊሸከም ይሄዳል፤ አንድም ቀን አሞኛል ብሎ አያውቅም።

አስፋልቱ ሲገባ ሁላችንም እልል አልን። እሱም ሚኒባስ ያዘና ከጂንካ ኮንሶ፣ ከኮንሶ ጂንካ እየተመላለሰ መሥራት ጀመረ። አካፋው ከወንበር ሥር ገብቶ ዛገ። ከጠዋት እስከ ማታ ሥራው መቀመጥና መሪ ማዞር ሆነ። ምሳ ደግሞ መጣ፣ መንገዱ መሐል ባለችው ወይጦ ከተማ።

መንገድ ላይ ያልኖረ ሰው ይህን ምሳ አያውቀውም፣ ስለዚህ ልንገራችሁ። ሾፌር መንገደኛ ይዞ ይመጣል። መንገደኛው ይበላል፣ ይጠጣል፣ ይከፍላል። ሾፌሩ ግን አይከፍልም። ምግብ ቤቱ በር ላይ መኪናውን ስላቆመ ከነረዳቱ በነፃ ይበላል። ጥግ ላይ ማራገቢያው የሚነፍስበት ጠረጴዛ አለ፤ እዚያ ላይ ሌላ ሰው አይቀመጥም። ሾፌር "ምን አላችሁ?" ብሎ አይጠይቅም። እጁን ሳይታጠብ ትሪው ይደርሳል። የፍየል ጥብስ በድርብ እንጀራ፣ ከጎኑ ማካሮኒ፣ ከላዩ ዳቦ። ቀዝቃዛ ለስላሳ ሁለት ጠርሙስ ተከፍቶ ይቀመጣል። ከዚያ የማንጎ ጭማቂ በስኳር፣ ከዚያ ሻይ፣ ሻዩም ስኳሩ ታች ተኝቶ የሚታይ። ጾም ሲሆን እንኳ እፎይታ የለውም። ሥጋው ሲቀር ሩዙና ፓስታው ያብጣል፣ ዳቦው ይጨመራል፣ ለስላሳው በቦታው አለ።

እምቢ ማለት ደግሞ አይቻልም። ትሪውን የገፋ ሾፌር ነገ መኪናውን ጎረቤት ምግብ ቤት በር ላይ ሊያቆም ነው ተብሎ ይጠረጠራል። የምግብ ቤቷ ባለቤት ትቀየማለች፤ ወሬውም ከእሱ ቀድሞ ኮንሶ ይገባል። ባሌ ይህን ሲያስረዳኝ ሥራ እንደሚያስረዳ ሰው ኮስተር ብሎ ነው። "እኔ እዚያ የምበላው ርቦኝ እንዳይመስልሽ" ይለኛል። ሳይርበው እንደሚበላ ማወቄ ይበልጥ አንጀቴን አሳረረው።

ሱሪውን የማሰፋው እኔ ነኝ። ከጎን ፈትቼ ጨርቅ እጨምራለሁ፣ ከርሞ ደግሞ እፈታለሁ። ሰውነቱ ሳይሆን ሆዱ ብቻ ነበር የሚያድገው። እግሩ እንደ ድሮው ቀጭን ነው፣ ክንዱም ቀጭን ነው፤ ሆዱ ግን ከመሪው ጋር ሊሳሳም ደረሰ። አንድ ዓመት ላይ መቀሴን አስቀመጥኩና "ከዚህ በኋላ አላሰፋልህም" አልኩት። በሳምንቱ ሱሪው ሰፍቶ አየሁት። ከእኔ ሁለት በር ዝቅ ብሎ ያለው ሰፊ ዘንድ ወስዶ አሰፋው፣ የገዛ ሚስቱ ሰፊ ሆና ሳለ። ስፌቱም ጠማማ ነበር። ያን ቀን እራት ሳላቀርብለት ተኛሁ፣ እሱም ሳይርበው ተኛ።

ከዚያ ውኃው መጣ። ከወይጦ በኋላ ጀሪካኑን አንቆ ይጠጣል፣ ቀይ አፈር ከተማ ሳይደርስ ደጋግሞ መኪና እያቆመ ለሽንት ጫካ ይገባል። መንገደኛው ሲስቅበት እሱም አብሮ ይስቃል። ስጠይቀው "የወይጦን ሙቀት አታውቂውም እንዴ፣ ድንጋይ እንኳ ይጠማዋል" አለኝ። እኔም አመንኩት። ወይጦ እኮ በእርግጥ ያቃጥላል፤ እዚያ የማይጠማው ማን አለ። ደከመኝ ሲል ሙቀቱ ነው፣ እንቅልፍ ሲጥለው ሙቀቱ ነው፣ አፉ ሲደርቅ ሙቀቱ ነው። ያቺ አገር ስንቱን ነገር እንደተሸከመች እግዜር ይወቅ።

ያላመንኩት መርፌው ላይ ነው። የእኔ ዓይን ለቅርብ ደክሟል፤ ስለዚህ ማታ ማታ ክር በመርፌ የሚያስገባልኝ እሱ ነው። አንድ ቀን ከመንገድ ገብቶ ተቀመጠ፣ መርፌውን ሰጠሁት። ክሩን ቢያስገባ ቢያስገባ በጎን ያልፋል፤ ቀዳዳውን ያጣዋል። ምራቁን እያስነካ፣ ወደ አምፖሉ እያዞረ ታገለና "መርፌሽ ነው የተበላሸው" ብሎ ወረወረልኝ። ጠዋት ከቁርስ በፊት ያንኑ መርፌና ያንኑ ክር ሰጠሁት። አንዴ ላከው፣ ገባ። እሱ ደስ አለው። እኔ ግን ክሩን ይዤ ቆሜ ቀረሁ። ጠዋት የሚያይ፣ ከወይጦ ሲመለስ የማያይ ሰው፣ ከወይጦ እስከዚህ መኪናውን ማን ነዳው? ከኋላው የሰው ልጅ ተደርድሯል፣ መንገዱ ላይ ከብትና እረኛ አለ። ከዚያች ጠዋት ጀምሮ ሌላ ነገር ማሰብ አልቻልኩም። ይሄ ሰውዬ ሰው ሊገድል ነው።

እየጎተትኩ ሆስፒታል ወሰድኩት። በባዶ ሆድ ኑ ስለሚባል በባዶ ሆድ ሄደን ጠዋት ጣቱን ተወጋ። ውጤቱ ከደንቡ ትንሽ ከፍ ብሏል፣ ክብደት ቀንስ፣ ደግመህ ና ተባለ። እሱ ከዚህ ሁሉ የሰማው "ትንሽ" የሚለውን ብቻ ነው። መነኸሪያ ሲደርስ "ንጹህ ነህ ተባልኩ" ብሎ አወራ። እኔን ደግሞ ባሏን በሽተኛ ለማድረግ የምትሮጥ ሴት አደረገኝ።

ብቻዬን ተመልሼ ሐኪሟ ዘንድ ገባሁ። ከሌላ አገር ተመድባ የመጣች ወጣት ናት፣ ፊቷ ላይ ድካም አለ፣ ግን አዳመጠችኝ። የመርፌውን ነገር ስነግራት እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ከዚያ ቀስ ብላ አስረዳችኝ። ምግብ ስንበላ የሁላችንም ስኳር ደም ውስጥ ከፍ ይላል፤ ኢንሱሊን የሚባለው ነገር ጡንቻውንና ጉበቱን "ተቀበሉ" ይላቸዋል፣ እነሱም ተቀብለው ያወርዱታል። ሆዱ ውስጥ ስብ የተከማቸበት ሰው ግን ጡንቻውም ጉበቱም ትእዛዙን አይሰሙም። ስኳሩ መግቢያ አጥቶ ደም ውስጥ ለሰዓታት ይቆያል። ኩላሊት በሽንት ሊያስወጣው ሲታገል ውኃውንም አብሮ ያወጣዋል፣ ሰውየው ይጠማዋል። ጠማኝ ብሎ ለስላሳ ከጠጣ ደግሞ ይብሱን ይጨምረዋል። የዓይን ሌንስ ያብጥና ማየት ይደበዝዛል። ጭንቅላት ይከብዳል፣ እንቅልፍ ይጫናል። የደም ሥሩም በዚያችው ሰዓት ይቆጣል፣ እንደ ልቡ መለጠጥ ያቅተዋል። ማታ ስኳሩ ሲወርድ ሰውየው ምንም ያልሆነ ይመስለዋል፣ ጠዋት ሲለካም ደኅና መስሎ ይገኛል። በማግስቱ ደግሞ እንደገና። እያንዳንዱ ምሳ ትንሽ ትንሽ ይበላዋል አለችኝ።

ታዲያ ምን ላድርግ ብላት ከምሳ በኋላ አምጪው አለች። ሳቄ መጣ። ባሌ ከምሳ በኋላ ጂንካ ኖሮ አያውቅም። እንግዲያውስ እዚያው ይለካ ብላ አጠቃቀሙን አሳየችኝ፤ መለኪያውን ከመድኃኒት ቤት ገዛሁ።

ጠዋት ሳልነግረው ሚኒባሱ ውስጥ ገብቼ ከሾፌሩ ወንበር ኋላ ተቀመጥኩ። ሲያየኝ ደነገጠ፤ ሰው ፊት ግን ሊያወርደኝ አልደፈረም። ከኮንሶ ስንመለስ ወይጦ ላይ ቆመ። ያን ትሪ በዓይኔ አየሁት። ሲነግረኝ አሳንሶ ነው የነገረኝ። ከሌሎች ሾፌሮች ጋር ተቀምጦ ሲበላ በሌላ ጠረጴዛ ሆኜ ጠበቅሁ። ጨርሶ፣ ሻዩን ጠጥቶ፣ ጥርሱን እየጎረጎረ ቆየ። ሊነሳ ሲል ሄጄ እጁን ያዝኩና ጣቱን ወጋሁት። ሐኪሟ ከሁለት መቶ ማለፍ የለበትም ብላኝ ነበር፤ መለኪያው ሦስት መቶ አርባ አለ።

ቁጥሩ ምን ማለት እንደሆነ ለጠረጴዛው ሁሉ ጮክ ብዬ ነገርኳቸው። የምግብ ቤቷ ባለቤት ከወጥ ቤት እጇን እየጠረገች ወጣች። መሣሪያውን አየች፣ ደሙን አየች፣ ፊቷ ተለዋወጠ።

"መርዝ አበላችው ልትይኝ ነው? እንዲህ በሰው ፊት?" አለችኝ።

መርዝ አላልኩም ብላት አልሰማችኝም። ስንት ዓመት እንደ ወንድሜ ያበላሁት፣ ገበያዬን ልትዘጊ፣ ብላ አለቀሰች። መንገደኞቹ የያዙትን ጉርሻ ትሪው ላይ መልሰው እርስ በርስ ተያዩ። እኔ ስለ ስኳር አወራለሁ፣ ቤቱ ስለ መርዝ ይሰማል። ሾፌሮቹ ደግሞ ነገሩን ለማብረድ ብለው ቀልድ አደረጉት፤ እኔንም ለኪኝ፣ እኔንም ለኪኝ እያሉ ጣታቸውን ዘረጉ። ቀጭኑን ለካሁት፣ ደኅና ነው፣ አጨበጨቡለት። ከሁሉም ወፍራሙ ሾፌር ግን እጁን ኪሱ ውስጥ ከትቶ ወደ መኪናው ሄደ። ባሌ መሣሪያው የቻይና ነው፣ አይታመንም አለ። ተነስቶም መኪናውን አስነሳ። እኔም ከኋላው ሆኜ መንገዱን አየሁለት፤ ከብት ባየሁ ቁጥር "ከብት" እላለሁ፣ ሰው ባየሁ ቁጥር "ሰው" እላለሁ። መንገደኛው አበደች ብሎኝ ይሆናል። ይበለኝ።

ምሳ ዕቃ ቋጥሬ ሰጠሁት። ጎመንና ምስር፣ አንድ እንጀራ። ሾፌሮቹ "ሚስቱ ያሰረችው" ብለው ስም አወጡለት። ለሁለት ሳምንት ተሸክሞት ሄደ፣ ባዶውን ይዞት መጣ፣ እኔም ልቤ ወደ ቦታው ተመለሰ። ለካስ ምሳዬን የሚበላው ረዳቱ ኖሯል። ባሌ የሾፌር ጠረጴዛው ላይ ነው። ከምግብ ቤቷ ባለቤት ጋር ቅያሜ አውርደው ታርቀዋል፣ ትሪውም ለእርቁ ተብሎ ጨምሯል። ይህን ስሰማ የተሰማኝን ብጽፈው ወረቀቱ ይነዳል።

ከዚያ ላሚቱ። ከወይጦ ወጥቶ ወደ ቀይ አፈር ሲወጣ፣ ከምሳ በኋላ፣ ባሌ የአንድ የፀማይ አርብቶ አደር ላም ገጨ። ላሚቱ ሞተች። ሰው አልተጎዳም፣ መኪናው ብቻ ፊቱ ተጨፈለቀ። ቤት ሲገባ "ሮጣ ገባችብኝ" አለኝ። ለሾፌሮቹም፣ ለፖሊሱም፣ ለዘመዶቹም እንዲሁ አለ፣ ሁሉም አመኑት። ከብት ሮጦ መግባቱ አዲስ ነገር አይደለም። ሾፌሮቹ እንዲያውም እረኞቹ ካሳ ለመብላት ብለው ራሳቸው ነድተው ያስገቧታል እያሉ ያልታየ ነገር ማውራት ጀመሩ። እኔ ዓይኑን አየሁት። ዓይኔን ሸሸኝ።

ሽምግልናው የተያዘው ወይጦ ነው፣ ከምግብ ቤቱ ጀርባ ካለው ዛፍ ሥር። ሴት ምን ይሠራል ቢሉኝም ሄድኩ። በእኛ ወገን የባሌ አጎትና ሁለት ሾፌሮች፣ በእነሱ ወገን ሽማግሌዎቻቸውና የላሚቱ ባለቤት ተቀመጡ። ባለቤቱ በባሌ ዕድሜ ያለ ሰው ነው፣ ቀጭን፣ ረጋ ያለ፣ በትንሿ የእንጨት በርኩማው ላይ ተቀምጦ መሬቱን ያያል። አማርኛው ጥቂት ነው፤ ያችን ጥቂት ግን ሳይቸኩል ይናገራታል። ባሌ ታሪኩን ደገመው። ላሚቱ ከቁጥቋጦ ውስጥ ሮጣ ወጣች፣ ፍሬን ያዝኩ፣ አልደረሰልኝም። አጎቱ ራሱን ነቀነቀ፣ ሾፌሮቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔ ጥፍሬን መዳፌ ውስጥ ተክዬ ተቀመጥኩ። አሁን ካልተናገርኩ መቼ ነው የምናገረው እያልኩ አፌን ልከፍት ስል ሰውየው ቀደመኝ።

"አልሮጠችም" አለ። "ቆማ ነበር።"

ባሌ ትንሽ ሞቅ አለው። እንዴት አውቀህ፣ አንተ ሩቅ ዛፍ ሥር ተኝተህ ይሆናል፣ እኔ መሪው ላይ ነበርኩ፣ ያየሁት እኔ ነኝ አለ። ከዚያ ጠየቀው።

"ለመሆኑ አንተ የት ነበርክ?"

"ከጎኗ" አለ ሰውየው። "እጄ ጀርባዋ ላይ ነበር።"

ባሌ ሰውየውን አየው። ከጫማው እስከ ራሱ ቀስ ብሎ አየው፣ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ እንደሚያየው። ለመጀመሪያ ጊዜ ማየቱም ነበር። መንገዱ ላይ ላም እንደነበረች ያወቀው ከገጨ በኋላ ነው፤ ከላሚቱ ጎን ሰው ስለመኖሩ ግን እስከዚያች ደቂቃ ድረስ አላወቀም። አጎቱ ጣልቃ ሊገባ ሲል በእጁ አስቆመውና፣

"አላየሁህም" አለ። "እሷንም አላየሁም፣ አንተንም አላየሁም።"

ሰውየው አልተቆጣም። እኔ ብሆን እቆጣ ነበር።

"አውቃለሁ" አለው። "ዓይንህ እኔ ላይ ነበር። ወደ እኔ እያየህ መጣህ።"

ከዚያ በኋላ ስለ ካሳው ብዙ ክርክር አልነበረም። ባሌ የተባለውን ሁሉ እሺ አለ። የምግብ ቤቷ ባለቤት ከወጥ ቤት ብቅ ብላ ምሳ ቀርቧል፣ ታርቃችሁ ብሉ ብትል ባሌ አልተነሳም። ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ ለአንደኛው ሾፌር ሰጠውና ሚኒባሱ ውስጥ ገብቶ ከእኔ ጎን ተቀመጠ። ቤታችን እስክንደርስ እጄን አልለቀቀም። እኔም እጄን ሰጠሁት እንጂ ንዴቴን አልሰጠሁትም።

ዛሬ ከጂንካ ቅርብ ወዳለችው ገዘር ነው የሚሠራው፣ ምሳውን ቤቱ ይበላል፣ መድኃኒቱን ይውጣል፣ ከምሳ በኋላ መሪ አይነካም። ሆዱም ጎድሏል፣ ሱሪውን እኔው አጠብባለሁ። ሰው ደግሞ አሁን ምን ይለኛል መሰላችሁ። "ባልሽ ከሳ፣ ምን ነካው፣ አታበዪውም እንዴ?" ይለኛል። ይኸው ነው እንግዲህ። ሐኪሟ ተናግራ፣ መሣሪያው ቁጥሩን አውጥቶ፣ እኔ ዓመት ሙሉ ጮኼ ያልገባው ነገር የገባው አንድ ሰው ከሞት አንድ ክንድ ርቆ ከቆመ በኋላ ነው። ይህን ይቅር በዪ ይሉኛል፤ አልችልም።

ያ ጥግ ጠረጴዛ ዛሬም አለ፣ ማራገቢያውም ይዞራል። ባለፈው ለለቅሶ ወደ ኮንሶ ሄጄ ስመለስ ያ እጁን ኪሱ የከተተው ወፍራም ሾፌር ነበር የሚያመጣን። ትሪውን ጨርሶ ሊነሳ ሲል ከፊቱ ሄጄ ቆምኩ። ሻሼን ከራሴ ላይ ገልጬ ከኋላዬ ደበቅሁትና አሁን ያየኸውን ቀለም ንገረኝ አልኩት። ሳቀ፣ ሌሎቹም ሳቁ፣ የሻሹን ቀለም ግን አልነገረኝም። ዕቃዬን ከመኪናው አውርጄ ፀሐይ ላይ ቆሜ ሌላ መኪና ጠበቅሁ።